የድሬሰሩ ብልቃጦች

ስለ ገጠር እንድጽፍ የታዘዝኩት ከአዲስ አበባ መውጫ ፈቃድ ሳላገኝ ነው። የምሠራበት ጋዜጣ አዘጋጅ ስለ ገጠር ጤና አገልግሎት ጽሑፍ ይፈልጋል፤ የጉዞ ወረቀቴ ግን ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲዞር ሦስት ሳምንት አልፎታል። አንድ ቀን ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥቶ ቆመና፣ «ቤትህ ተክለ ሃይማኖት አይደል እንዴ?» አለኝ። «ገጠሩ በየቀኑ መርካቶ ይመጣል። እዚያ ሄደህ ጠብቀው።»

እያላገጠብኝ ይሁን እየረዳኝ አልገባኝም። ምክሩ ግን ትክክል ነበር። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እህል በረንዳ ሄድኩ። ከአባይ ማዶ ጤፍ አምጥተው ካራገፉ በኋላ ጨውና ሳሙና ጭነው የሚመለሱ ከባድ መኪኖች የሚቆሙት እዚያ ነው። አውቶቡስ ያመለጠው ባላገርም ጭነቱ ላይ ተቀምጦ ወደ አገሩ የሚገባው በእነሱ ነው።

የሽብሩ ዓመታት አልፈዋል። ጠዋት ከቤት ስንወጣ በየጥጋጥጉ የተጣለ አስከሬን ማየት ቀርቷል። የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ግን ጠመንጃቸውን አላወረዱም፤ ተኩሱ ሲቀር ሰደፉ ሥራ በዛበት። ያን ሰሞን የሚያሳድዱት «የኢኮኖሚ አሻጥረኛ» የሚሉትን ነበር፤ ስኳር የደበቀውን፣ ሳሙና ያከማቸውን፣ መድኃኒት የሸጠውን። በአንድ ሳምንት ውስጥ ገበያ መሐል ሦስት ሰዎች ሲደበደቡ አይቼ አንዱንም አልጻፍኩም። እንደማይታተም አውቅ ነበር።

ሰውየውን ያገኘሁት ከአንድ መኪና ጥላ ሥር ተቀምጦ ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ካኪ ኮቱ ክርኑ ላይ ተጥፏል። አንድ ካርቶን ጭኑ ላይ አቅፎ፣ በእግሮቹ መሐል ደግሞ አነስ ያለች ጆንያ አስቀምጧል። ካርቶኑ ላይ የመንግሥት መድኃኒት መጋዘን ማህተም ስላየሁ ቀረብ ብዬ ሰላም አልኩት።

«ጋሼ፣ ፖሊስ ነዎት?» አለኝ።

«ጋዜጠኛ ነኝ።»

«ያው ነው። ሁለታችሁም ትጽፋላችሁ።»

ድሬሰር ነበር፤ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ሐኪም በሌለበት አገር ሐኪም የሚባል። ክሊኒኩ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነው። ከእሱ ሌላ መርፌ የሚይዝ ሰው ለማግኘት አንድ ቀን ሙሉ በእግር መሄድ ያስፈልጋል። በዚያ ክረምት ግርሻ ገብቶባቸዋል። ቅማል የሚያስተላልፈው ትኩሳት ነው፤ ለቀቀኝ ሲሉት ተመልሶ ይጥላል። አንድ ብልቃጥ ፔኒሲሊን አንድ ሰው ያድናል። መርፌውም ቢሆን የዋዛ አይደለም፤ በሽተኛው ከተወጋ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አጥንቱ እስኪንቋቋ ይንዘፈዘፋል፤ ሁለት ጎበዝ ይዞት አልጋው ይሰበራል። «መጀመሪያ ቀን ያየ ሰው ገደልከው ብሎ ዱላ አንሥቶብኛል» አለኝ። «ሲነጋ በሽተኛው እንጀራ ሲጠይቅ ነው የማረኝ።»

መድኃኒቱ ካለቀ አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል። እስኪነሣ ድረስ ያደረገው ነገር ቢኖር ግንባር ላይ እርጥብ ጨርቅ ማድረግና ቀብር መሄድ ነው። ስለዚህ በእግር፣ በበቅሎ፣ ከዚያም በመኪና አዲስ አበባ መጣ። መጋዘኑ አራት ቀን ካመላለሰው በኋላ ሁለት መቶ ብልቃጥ ሰጠው።

«ጆንያው ውስጥስ ምንድነው?»

አፉን ፈትቶ አሳየኝ። ባዶ የፔኒሲሊን ብልቃጦች ነበሩ፤ ታጥበው፣ ደርቀው፣ ከነላስቲክ ክዳናቸው።

ከእሱ በፊት የነበረው ድሬሰር መድኃኒቱን ለነጋዴ ይሸጥ ነበር። ገበሬ ማኅበሩ ሲደርስበት ሸንጎ ጠርቶ፣ ዛፍ ሥር አስተኝቶ በዱላ ቀጠቀጠው፤ እንደምንም ወንዝ ተሻግሮ ካመለጠ ወዲህ ወሬው የለም። ከዚያ ሕግ አወጡ። አዲሱ ድሬሰር የወጋበትን እያንዳንዱን ብልቃጥ ያስቀምጣል፤ አዲስ መድኃኒት በመጣ ቁጥር ባዶውም ሙሉውም ሕዝብ ፊት ይቆጠራል። ባዶዎቹን አዲስ አበባ ድረስ ያመጣቸው፣ ያለፈውን ድርሻ በትክክል መጨረሱን ለመጋዘኑ ለማሳየት ነው። የመጋዘኑ ሰው ግን ስቆ፣ «ቆሻሻህን ይዘህ ውጣ» ብሎታል።

«ለምን እዚሁ አትጥለውም?» አልኩት።

«አንድ ቢጎድል የዛፉ ሥር የኔ ነው» አለ። ሲናገር ፊቱ ላይ ምንም አልተለወጠም።

በጋዜጠኝነት ሥራዬ አንድ ልማድ አለኝ፤ ሰው የነገረኝን በወረቀት፣ ወረቀት የነገረኝን በሰው ሳላረጋግጥ አልጽፍም። መድኃኒቱን ያወጣበትን ሰነድ እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። ሞዴል ሃያ ሁለት ይባላል፤ ከመንግሥት ግምጃ ቤት ዕቃ ሲወጣ የሚሰጥ ነው። ከኮቱ ውስጥ ኪስ አወጣልኝ። ዝርዝሩ ብዙ ስለነበር ቤቴ ወስጄ ገልብጬው በማግስቱ እንድመልስለት ለመንኩት። ትንሽ አመነታ። መኪናው የሚነሣው በማግስቱ ጠዋት አራት ሰዓት ነው።

«ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እመልስልሃለሁ» አልኩት። «ከምናለሽ ተራ መጨረሻ፣ ጠርሙስ የሚሸጡት ጥግ ጠብቀኝ። ለኔም ላንተም መሐል ነው።»

ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ምናለሽ ተራ ያገለገለ ዕቃ ሁሉ የሚሸጥበት ነው፤ የዛገ ሚስማር፣ የተጣመመ ጎማ፣ ቆራሌዎች ከየሰፈሩ የለቀሙት ጠርሙስና ብልቃጥ። ባዶ ብልቃጥ የያዘን ሰው እዚያ ጠብቀኝ ማለት ምን እንደሆነ ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብኩም። ለቤቴ እንደሚቀርብ ነበር ያሰብኩት።

ሰነዱን ያን ምሽት ቃል በቃል ገለበጥኩ፤ ቁጥሩን፣ የመድኃኒቱን ዓይነት፣ የፈረመውን ሰው ማዕረግ። ጠዋት ደግሞ ወረቀቱን በሰው ላረጋግጥ ብዬ ሶማሌ ተራ ወደሚገኝ አንድ የማውቀው ጅምላ ነጋዴ ሱቅ ገባሁና ስልኩን ተዋስኩ። የመጋዘኑን ቁጥር ለማግኘት፣ ሰውየውን ለማስጠራት፣ ሰነዱ እውነተኛ መሆኑን ከአንደበቱ ለመስማት ከግማሽ ሰዓት በላይ ፈጀብኝ። እውነተኛ ነበር። ከሱቁ ስወጣ ሦስት ሰዓት አልፏል።

ከራጉኤል በኩል ወደ ምናለሽ ተራ ስጠጋ መጀመሪያ የሰማሁት የሰው ድምፅ አልነበረም። ብርጭቆ ሲደቅ ነው። አንድ በአንድ፣ በመሐሉ ፋታ እየተሰጠው።

ሰው ክብ ሠርቶ ቆሟል። አንድ ኩሊ ሸክሙን እንደተሸከመ አንገቱን ያንጠራራል።

«ምንድነው?» አልኩት።

«ኖራ ሻጩ ተያዘ።»

«የምን ኖራ?»

«ከተማ አይደል እንዴ የምትኖረው፣ ጋሼ? ባዶ ብልቃጥ ውስጥ ኖራ ሞልቶ ፔኒሲሊን ነው እያለ የሚሸጠው ነዋ።»

ወሬውን አውቀው ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በፊት በዚያው ሰፈር አንዲት ሕፃን እንዲህ ያለ ነገር ተወግታ ሞታለች። ጓዶቹ ብልቃጥ ሻጮችን አንድ በአንድ ቀጥቅጠዋል። በሰው መሐል ተሽሎክልኬ ገባሁ።

ድሬሰሩ መሬት ላይ ነበር። እግሮቹ በኩሊ ገመድ ታስረዋል። አንድ ዓይኑ ተደፍኗል፤ ከአፍንጫው የወረደው ደም አገጩ ላይ ከአቧራ ጋር ተጋግሯል። ዙሪያውን ኩሊዎችና ቆራሌዎች ቆመዋል፤ አንዱ የሚዛን ብረት ይዟል፣ ሌላው ጫማውን አውልቆ በእጁ ጨብጧል። የአብዮት ጥበቃው መሪ የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጧል። የሠፈሩ ልጅ ነው፤ ቀድሞ በጨርቅ ተሸካሚነት አውቀዋለሁ። ካርቶኑን አጠገቡ አድርጎ አንድ ብልቃጥ ያወጣል፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ያቆማል፣ ይጠይቃል።

«ከየት አመጣኸው?»

«ከመንግሥት መጋዘን።»

ሰደፉ ይወርዳል። ነጭ ዱቄት ከብርጭቆው ጋር ይበተናል። ሌላ ብልቃጥ።

«ከየት አመጣኸው?»

«ከመንግሥት መጋዘን፣ ጓድ።»

ሰደፉ ይወርዳል። ሕዝቡ በየመሐሉ ይስቃል። «ይሄ ፋራ እኮ መልስ እንኳ አይለውጥም» አለ አንዱ። ድሬሰሩ የሚመልሰው ለጓዱ አልመሰለኝም። ዓይኑ ከካርቶኑ አልተነቀለም፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ይቆጥር ነበር።

ቀጣዩ ብልቃጥ ድንጋዩ ላይ ሲቆም በደረቱ ተስቦ ቀኝ እጁን ከደነበት። መሪው አየው። እጁን አንሣ አላለውም። ሰደፉን እንደ ቀድሞው አነሣ፣ እንደ ቀድሞው አወረደ። የተሰማው ድምፅ የብርጭቆ ብቻ አልነበረም። ድሬሰሩ አልጮኸም፤ ፊቱ ብቻ አመድ መሰለ። መሪው ሰደፉ ላይ የተጣበቀውን ደም አይቶ በራሱ በድሬሰሩ ኮት ጠረገው።

«ሰነዱ እኔ ጋ ነው» አልኩ።

መሪው ቀና አለ። «አንተ ደግሞ የማን ነህ?»

መታወቂያዬን ላወጣ እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ ከጎኑ የቆመው ጓድ ሽጉጥ ያወጣሁ መሰለው። በሰደፍ አፌን አለኝ። ተንበርክኬ ደም ተፋሁ፤ አንድ ጥርስም አብሮ ወጣ። ከዚያ ወረቀቱን ከመታወቂያዬ ጋር አውጥቼ ከመሬት ሆኜ ዘረጋሁለት። መሪው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ ማንበብ ይችል ነበር፤ ሞኝም አልነበረም።

«ጥሩ» አለ። «ሁለት መቶ ከመንግሥት ወስዷል። እውነተኛውን ሸጦ ባዶዎቹን በኖራ ሞልቶ ቢሆንስ? ባዶዎቹ ያውና፣ ጆንያ ሙሉ።»

ወረቀቱን አጥፎ ጉልበቱ ላይ አኖረው።

«ውሃ አምጡ» አለ። አንድ ብልቃጥ ከፍተው ውሃ ጨምረውበት ነቀነቁት። ወተት መሰለ። መሪው ለሕዝቡ ከፍ አድርጎ አሳየ። «ሆስፒታል ጠይቄያለሁ። እውነተኛ መድኃኒት እንደ ጠበል ጥርት ይላል። ይሄ ምንድነው?»

«ኖራ» አሉ ከኋላ።

«ይሄኛው ዓይነት ነጭ ነው የሚሆነው» አለ ድሬሰሩ ከመሬት። «ጥርት የሚለው ሌላው ነው። ሁለት ዓይነት ነው…» አላስጨረሱትም። የሚዛን ብረት የያዘው ጎኑን መታው። ሌላው በጫማው አናቱን አለው። ጓዶቹ ካርቶኑን ዘነበል አድርገው እፍኝ እፍኝ እያወጡ በቡት ጫማ ይረግጡት ጀመር። አሁን ጥያቄም አልነበረም። እንደ በቆሎ ቆሎ ይንጣጣል። ያን ጊዜ ነው ድሬሰሩ የጮኸው። ለራሱ አልነበረም።

«መርፌ አለኝ። ከፈለጋችሁት አንዱን ምረጡና እኔኑ ውጉኝ። ኖራ ከሆነ እሞታለሁ።»

መሪው እጁን አነሣ፤ ቡቶቹ ቆሙ። ቀልዱን ወደደው። «እኛ ሐኪም አይደለንም» አለ። «ራስህን ውጋ።»

ገመዱን ፈቱለት። ከኮቱ ኪስ የብረት ሣጥን አወጣ፤ የብርጭቆ ሲሪንጅና ሁለት መርፌ ነበረው። ቀኝ እጁ እንደ ተገነጠለ ቅርንጫፍ ተንጠልጥሏል። መሪው ከካርቶኑ ሥር አንዱን መርጦ ወረወረለት። ድሬሰሩ ብልቃጡን በጉልበቶቹ መሐል አጣብቆ፣ በግራ እጁ ውሃ ቀዳ፣ ነቀነቀ፣ ሳበ። መጀመሪያ የወጋው ሳተና መርፌው ከጭኑ ላይ ሸርተት ብሎ ሰንጥቆት አለፈ። ሁለተኛው ገባ። ነጩን ፈሳሽ ቀስ ብሎ፣ እስከ መጨረሻው ገፋው። ከዚያ መርፌውን ነቅሎ በኮቱ ጫፍ ጠረገና ወደ ሣጥኑ መለሰው። ሣጥኑን ዘጋ። ማንም አልሳቀም።

መጀመሪያ የተናገሩት ጠርሙስ ሻጯ ናቸው። ከወሎ የመጡ፣ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፤ ጥጉ የሳቸው ነው።

«ጓድ» አሉ። «ያቺ ልጅ ኖራውን ስትወጋ እኔ ነበርኩ የያዝኳት። መርፌው ሳይወጣ ነበር የጮኸችው፤ እግሯ ወዲያው ነው የጠቆረው። ይሄ ሰው አልጮኸም። ወላሂ፣ ይሄ ኖራ አይደለም።»

«ኖራ ሻጭ ብለሽ የጮህሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አላቸው መሪው።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ጆንያውን ሳይ ደነገጥኩ። ባለፈው ብልቃጥ ሸጠሽለታል ብላችሁ ጀርባዬን አልላጣችሁትም እንዴ? ዛሬ ደግሞ ሳልናገር ብቀር ምን ልትሉኝ ነበር?»

መሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠራጠር አየሁት። የመጋዘኑን ስልክ ቁጥር ነገርኩት፤ ማስታወሻዬ ላይ ነበር። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ቅርብ ነው። መሪው ሄደ፤ እኔንም እየነዱ ወሰዱኝ። ስልኩን ጆሮው ላይ ደቅኖ ሲያዳምጥ ትከሻው ቀስ በቀስ ወረደ። ከወዲያ ያለው ሰው የሚለውን አልሰማሁም። መሪው ግን፣ «አዎ፣ ጓድ… ነጭ ነው የሚሆነው… አይ፣ ምንም አልተነካም፣ ጓድ» ሲል ሰማሁ። ስልኩን ሲዘጋ ላብ ግንባሩ ላይ ነበር። የመንግሥት ንብረት አጥፍቷል። ያን ሰሞን ይህን ያደረገ ሰው ምን እንደሚባል ከማንም በላይ ያውቀዋል።

«ሰውዬህን ይዘህ ሂድ» አለኝ።

«ሰነዱ?»

«ምን ሰነድ?» ሞዴል ሃያ ሁለቱን አራት አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተውና ቁልፉን ቆለፈ። «እዚህ የተፈጠረ ነገር የለም። ጋዜጣህ ላይ ካየሁት ቤትህን አውቀዋለሁ።»

ስመለስ ድሬሰሩ መሬት ላይ ተንበርክኮ ነበር። የተሰበሩትን ይለቅማል። የብልቃጥ ሰውነት ሲደቅ አንገቱና የብረት ቆቡ አይደቅም፤ ላስቲኩ ይይዘዋል። እነዚያን ነበር የሚሰበስበው፤ በግራ እጁ፣ ከዱቄቱ፣ ከጭቃው፣ ከራሱ ደም ውስጥ። ጣቶቹ በብርጭቆ ተተልትለዋል። አብሬው ተንበረከክሁ። ጠርሙስ ሻጯም ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ተቀመጡ። የሚዛን ብረት የያዘው ኩሊ ትንሽ ቆሞ ካየን በኋላ ብረቱን አስቀምጦ በቡት ተረግጦ ራቅ ብሎ የወደቀ አንድ ቆብ አምጥቶ ሰጠው። ይቅርታ አላለም። «ይቺም አለች» ነው ያለው።

ቆጠረ። ሰማንያ ሁለት አንገት። ካርቶኑ ውስጥ መቶ አሥራ ስድስት ደኅና ብልቃጥ ቀርቷል። በውሃ የበጠበጡት አንድ፣ ራሱን የወጋበት አንድ። ሁለት መቶ ሞላ። ሲሞላለት ብቻ ነው ግድግዳውን ተደግፎ ያስመለሰው።

ሆስፒታል ልውሰድህ አልኩት። መኪናው እየጠበቀው ነበር፤ የሾፌሩ ጥሩምባ ከእህል በረንዳ እዚህ ድረስ ይሰማል። አንድ ቀን ቢያድር ስንት ሰው እንደሚቀበር ከኔ ይልቅ እሱ ያውቃል። ሴትየዋ የሣጥን ጣውላ ሰብረው እጁን በነጠላቸው ጥለት አሰሩለት። እህል በረንዳ ደርሰን ሾፌሩ ፊቱን ሲያይ፣ «ከአንበሳ ጋር ነው እንዴ ያደርከው?» አለው።

«ከአዲስ አበባ ሰው ጋር» አለ ድሬሰሩ።

ካርቶኑን ጋቢና አስገቡለት። ጆንያዋን ግን ራሱ ያዛት፤ ሰባራዎቹም እሷ ውስጥ ነበሩ። እየተደገፈ ሲወጣ፣ በየትኛው እጅህ ልትወጋ ነው አልኩት። መጠየቅ አልነበረብኝም፤ ልማድ ነው።

«በግራዬ» አለ። «ዛሬ ጀምሬው የለ?»

የሰማሁትን ሁሉ ጻፍኩ። አዘጋጁ አንብቦ መሳቢያው ውስጥ ከተተው፤ በምትኩ የገጠር ጤና አገልግሎት እየተስፋፋ ስለመሆኑ ሌላ ሰው የጻፈው ወጣ። አልተከራከርኩም።

ከወር በኋላ ሾፌሩ ቢሮዬ ድረስ መጣ። እጅግ በተንጋደደ ጽሕፈት የተጻፈ ብጣሽ ወረቀት አመጣልኝ። ገበሬ ማኅበሩ ድሬሰሩን አላመነውም። አንገቶቹ ልክ ናቸው፤ ግን መድኃኒቱን ሸጦ ብልቃጡን ራሱ ቢሰብረውስ? ሰነዱ የት አለ? እጁንስ ነጋዴ ተጣልቶት ቢሰብረውስ? ከትኩሳቱ የሞቱባቸው ሰዎች አሉ፤ ሰማንያ ሁለት ብልቃጥ ሰማንያ ሁለት ሰው ነው። እስከ መከር ማስረጃ ካላመጣ ሸንጎ ይቀመጣል። ወረቀቱ ሲያበቃ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ይጽፋሉና ይጻፉልኝ» ይላል።

የገለበጥኩት ሰነድ ማስታወሻዬ ላይ ነበረ። እሱንና የሆነውን በሌላ ወረቀት ጽፌ መጀመሪያ ቀበሌው ሄድኩና መሪውን ማህተም እንዲያደርግልኝ ጠየቅሁት። ጽሑፉን አነበበ፣ ቀደደው፤ አጠገቡ የነበሩትም ደረጃው ድረስ በእርግጫ ሸኙኝ። ጎኔን እየያዝኩ ምናለሽ ተራ ወረድኩና ጠርሙስ ሻጯ ዘንድ ተቀመጥኩ። ነገርኳቸው።

«ማህተም ከሌለ ያምኑታል ወይ?» አሉ።

«አያምኑትም።»

«ባላገር ምን ያምናል?» ብለው አሰቡ። እሳቸውም ባላገር ነበሩ። «ጣት ያምናል። ጻፈው፤ እኔ ነኝ የጮህኩት ብለህ ጻፍ።»

ጻፍኩ። ሴትየዋ አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክረው አተሙ። ከዚያ ተነሥተው ተራውን ዞሩና የሚዛን ብረት የያዘውን ኩሊ እጁን ጎትተው አመጡት።

«እትዬ፣ እኔ ምን ልበል?» አለ።

«የመታኸውን በል።»

«ጓዶቹ ቢሰሙስ?»

«ስትመታው አይተውሃል። ደግሞ ስም የለውም፤ ጣት ነው።»

«ጎኑን ነው የመታሁት» አለኝ ወደኔ ዞሮ። «ሁለት ጊዜ። ሦስት ብለህ እንዳትጽፍ።» ሁለት ብዬ ጻፍኩ፤ አተመ። በጫማው የመታውም መጣ። ገመዱን ያቀበለውም መጣ፤ ይህኛው ጣቱን ከማተሙ በፊት ግራ ቀኙን ረጅም ጊዜ ቃኘ። እያንዳንዱ ያደረገውን በራሱ አፍ ተናገረ፤ እኔ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ሲያልቅ አንድ መስመር ክፍት እንደቀረ አየሁ። ሰነዱን ወስጄ እንደነበር፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ብዬ ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ መድረሴን፣ ቦታውንም የመረጥኩት እኔ መሆኔን ጻፍኩ። ስልክ ባልደውል በሰዓቱ እደርስ ነበር፤ ስልክ ባልደውል ቁጥሩ አይኖረኝም ነበር። ይህን አልጻፍኩም። ለሸንጎው አይጠቅመውም።

ፊርማዬን ልፈርም ስል ሴትየዋ የቀለሙን ቆርቆሮ ወደኔ ገፉት። እኔም ጣቴን አተምኩ።

ሾፌሩ ወረቀቱን ኮፍያው ውስጥ ደብቆ ወሰደው። ተመልሶ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ያህል ጠበቅሁ። እህል በረንዳ ጤፍ ሲያራግፍ አገኘሁት።

«ተነበበ?»

«ሸንጎ ፊት ተነበበ። ሦስት ጊዜ አስነበቡት። ጣቶቹን አንድ በአንድ ዞረው አዩ።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሊቀ መንበሩ ተነሥቶ፣ የደበደበ ሰው እንዴት ብሎ ለተደብዳቢው ይመሰክራል፣ እውነት ቢሆን ነው አለ። ተዉት።» ሾፌሩ ጆንያ ወርውሮ እጁን አራገፈ። «አሁን በግራው ነው የሚወጋው። ቀኝ እጁ ጣቶቹ አልታጠፍም ብለውታል።»

«ሰዉ ምን ይላል?»

«ሰዉማ ያማርራል፤ በግራው ያማል ይላሉ። እኔንም ባለፈው ወግቶኛል፤ እውነታቸውን ነው፣ ያማል።» ሌላ ጆንያ አነሣ። «ግን ይሰለፋሉ።»